«እጄን ሳነሳ ቀሚሱ አብሮኝ ይነሳል»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከጠዋት እስከ ማታ የምሠራው የወንድ ሸሚዝ እጅጌ ማጋጠም ብቻ በመሆኑ ግን አንድን ልብስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻዬ ሰፍቼ አላውቅም ነበር። በቅርቡ ያገለገለ የእግር ስፌት መኪና ገዛሁና ፒያሳ ከሚገኝ ቡቲክ መስኮት ላይ ያየሁትን ባለ ኮሌታ ቀሚስ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሰፋሁ። ቆሜ ሲታይ ቁርጥ እሱን ነው፤ እጄን ሳነሳ ግን ቀሚሱ በሙሉ አብሮኝ ይነሳል። ብብቱ የጠበበ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርጌ ብቆርጠው ባሰበት። ከታጠበ በኋላ ደግሞ የጎኑ ስፌት ወደ ፊት ዞረ። ስህተቴ የት ላይ ነው? የቡቲኩን ቀሚስ ገዝቼ፣ ስፌቱን ሳልፈታ ቅዱን ማውጣትስ እችላለሁ? የሰው ሥራ መቅዳትስ ነውር አይሆንብኝም?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ በአጭሩ ልለፈው። ለራስ የሚለበስን ልብስ ከታየ ልብስ ተነስቶ መስፋት ነውር የለበትም፤ ልብስ ሰፊዎቻችን ደንበኛ ይዞ የመጣውን ፎቶ እያዩ ሲሰፉ ኖረዋል። ነውሩም ሕገ ወጥነቱም የሌላውን ድርጅት ምልክት ለጥፎ መሸጥ ላይ ነው፤ የተመዘገበ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ነውና።

ወደ ብብቱ እንመለስ። ጠበበ ብሎ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔም ስንት ደህና ጨርቅ አበላሽቼበታለሁ። ክንድ የሚንቀሳቀሰው ከትከሻ በመሆኑ፣ የእጅጌው ስፌት ከብብትዎ ወደ ታች በራቀ ቁጥር ክንድዎ ሲነሳ የጎኑን ጨርቅ ይዞ ይወጣል፤ ወደ ሰውነት የቀረበ ብብት ግን ቀሚሱን ባለበት ይተወዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከትከሻው ጋር የሚጋጠመው የእጅጌው ጉብታ ነው። ጉብታው ከፍ ብሎ ሲጠብ እጅጌው ወደ ታች ለተንጠለጠለ ክንድ ያምራል፣ ለሚነሳ ክንድ ግን ይይዛል። እርስዎ በሥራ ላይ የሚያጋጥሙት የሸሚዝ እጅጌ ጉብታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎኑ ከመዘጋቱ በፊት ተዘርግቶ ይሰፋል፤ የቡቲኩ ዓይነት ቀሚስ እጅጌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ከተዘጋ በኋላ ዙሪያውን ይገባል፣ ጉብታውም ከብብቱ ዙሪያ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ይህን ሲለኩ ሜትሩን አያስተኙት፤ በጠርዙ አቁመው ኩርባውን ያስከትሉት።

በፋብሪካ ቁራጮች ጠርዝ ላይ የሚያዩዋቸውን ጭረቶችም ያስታውሱ። በተለመደው አሠራር አንድ ጭረት የፊቱን፣ ሁለት ጭረት የኋላውን ያመለክታል፤ የብብቱ ኩርባ ከፊት ጠለቅ ከኋላ ደግሞ ለጠጥ ያለ ስለሆነ እጅጌን ለሁለት አጥፎ ሁለቱን ወገን እኩል መቁረጥ ስህተት ነው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ይዞት የመጣው የሥራ ክፍፍል ሠራተኛን በአንድ ስፌት ላይ እጅግ ያሠለጥነዋል፤ ጭረቱ ለምን እንደተጫረ ግን አይነግረውም። ለአሁኑ ቀሚስዎ ከብብቱ ሥር፣ በጎኑና በእጅጌው ስፌት መጋጠሚያ ላይ፣ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቢያስገቡለት ክንድዎ ይፈታል።

የጎኑ ስፌት የዞረው፣ ያለ ጥርጥር ለማለት ቀሚሱን ባላየውም፣ ጨርቅ ለመቆጠብ ቅዱን አዘንብለው ስለቆረጡት ይመስለኛል። የቅዱ መሃል መስመር ከድሩ ጋር፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር ጋር፣ ትይዩ ካልሆነ እጥበት ያጋልጠዋል። የጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ እንዳለበትም አይርሱ።

የቡቲኩን ቀሚስ መግዛት አያስፈልግዎትም። ከእሱ ኮሌታውን፣ የኪሱን ቦታና የቁልፎቹን አደራደር ይውሰዱ፤ ልኩን ግን ደጋግመው ለብሰው ከማይዝዎት ከራስዎ ቀሚስ ያውጡ። የጨርቁ ዓይነት ግን መመሳሰል አለበት፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ከሰውነት ልክ ጠቦ ሊሰፋ ይችላል፣ የማይለጠጠው ግን ደረት ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል። ፎቶ ይህን አይነግርዎትም።

አሠራሩ ይህ ነው፦ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ሰፊ ወረቀት ያንጥፉ፣ ቀሚሱን ከመሃሉ አጥፈው ግማሹን ያስተኙ፣ በስፌቱ መስመር ላይ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ በእስፒል ወግተው ወረቀቱን ይብሱና ነጥቦቹን በእርሳስ ያገናኙ። ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ ያውጡ። አስቸጋሪው ደረት ላይ ጨርቁ ተቆንጥሮ የተሰፋበት ቦታ ነው፤ በግድ ከተደፈጠጠ ልኩ ይጠፋል። እስከ ቁንጥጫው ያለውን ወግተው ይጨርሱ፣ ከዚያ ልብሱን ዞር አድርገው ቀሪውን ያስተኙ፤ በመሃል ክፍት ሆኖ የሚቀረው ቦታ ራሱ የቁንጥጫው ስፋት ነው። የወጣው መስመር ስፌት የሚያልፍበት እንጂ መቀስ የሚያልፍበት ስላልሆነ፣ ለስፌት 1.5፣ ለታችኛው እጥፋት 4 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩበት።

ዋናውን ጨርቅ ከመንካትዎ በፊት በአቡጀዲ ይሞክሩት፤ በመኪናው ረጅም ስፌት ሰፍተው ይልበሱትና ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰውም ሁለቱን እጆችዎን ወደ ራስዎ ያንሱ። የሚይዝዎት ቦታ ካለ እዚያው በጠመኔ ያመልክቱና ወረቀቱን ያርሙ።