የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእግር ክፍት ስብራት ለምን የሁለት ሐኪሞች ሥራ ሆነ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሞተር ሳይክል አደጋ የቅልጥሙ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በዚያው ሌሊት ቁስሉ ታጠበ፤ እግሩም ከውጭ በብረት ታሰረ። ጠዋት ላይ ግን «የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሳያየው ዋናው ብረት አይገባም» ተባልን። አጥንቱ ሳይጠገን የመልክ ነገር ለምን ይቀድማል?

መልስ፦ የመልክ ነገር አይደለም፤ አጥንቱን በሕይወት የማቆየት ጉዳይ ነው። ቅልጥምዎን ከፊት ለፊት ቢዳስሱ ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ያገኛሉ፤ በመሃል ጡንቻ የለም። አጥንቱ ሲሰበር ከውስጥ የሚመግበው የደም ሥር ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በዙሪያው ያሉት ሽፋንና ጡንቻ በሚያደርሱለት ደም ነው። እነሱም ከተገፈፉ ደርቆ ይሞታል። የሞተ አጥንት ጋ መድኃኒት የሚያደርስ ደም ስለሌለ ባክቴሪያ እዚያ ይሰፍራል። የተጋለጠ ብረት ሲጨመርበት ደግሞ ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተለጥፎ አንቲባዮቲክ በቀላሉ የማይበግረው ስስ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ ዘላቂው ብረት የሚገባው ቁስሉ በዚያው ቀዶ ሕክምና ወይም ወዲያው ተከትሎ በሕያው ሥጋ መሸፈን ሲችል ነው።

ሽፋኑ ከየት እንደሚመጣ ስብራቱ ያለበት ቦታ ይወስናል። ከጉልበት በታች ላለው ሲሶ አብዛኛውን ጊዜ የባት ጡንቻ አንዱ ክፋይ ዞሮ ይመጣል፤ ለመካከለኛው ሲሶ ደግሞ ከባት ጡንቻው ሥር ያለው ሶሊየስ የተባለ ጡንቻ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ላለው ሲሶ ግን በአቅራቢያው የሚበቃ ጡንቻ ስለማይገኝ፣ ከጭን ወይም ከጀርባ ሥጋ ከነደም ሥሩ ተነሥቶ በማይክሮስኮፕ እየታየ ከእግሩ ደም ሥር ጋር ይሰፋል። የሉብሊያናው ሐኪም ማርኮ ጎዲና እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የ532 ሕሙማን ጥናቱ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሸፈኑት ሽፋኑ የከሸፈው 0.75 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር በቆዩት ግን 12 በመቶ ደረሰ። የሐኪሞቹ ጥድፊያ ከዚህ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ ታካሚ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከመላካችን በፊት ቁስሉን አጥበን እንላከው?

መልስ፦ አትጠቡት። ማደንዘዣና በቂ ብርሃን በሌለበት ማጠብ ቆሻሻን ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ አያወጣም። ደም የሚፈስ ከሆነ በቀጥታ ይጫኑት። በዓይን የሚታየውን ጠጠርና ጨርቅ ብቻ በእጅ ያንሱ፤ ፎቶ ያንሱ፤ በሳላይን የራሰ ጎዝ አልብሰው በማጣበቂያ ፕላስቲክ ይሸፍኑ። ፎቶው የሚያስፈልገው በየደረጃው ያለ ባለሙያ ሁሉ ፋሻውን እየፈታ እንዳያይ ነው፤ ቁስል በተከፈተ ቁጥር ለአዲስ ጀርም በር ይከፈታል።

አንቲባዮቲክ በደም ሥር ከአደጋው በ1 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ለአዋቂ የተለመደው ሴፋዞሊን 2 ግራም ነው፤ አለርጂ ካለ ሌላ ይመረጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን አይርሱ። እግሩን አቅንተው በስፕሊንት ያስሩት፤ ከማቅናትዎ በፊትም በኋላም የእግሩን የደም ትርታና ስሜት መርምረው ከነሰዓቱ ይጻፉ። ከቀና በኋላም ትርታው ካልተመለሰ ወረቀት እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ያለ ደም የቆየ ጡንቻ ከ6 ሰዓት በላይ አይታገሥም።

አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ «ቁስሉ ክፍት ስለሆነ በእብጠት ጡንቻው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይወጣል» የሚል። ቀዳዳው የሚከፍተው ከአራቱ የጡንቻ ክፍሎች አንዱን ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ታፍነው ይቀራሉ። ታካሚው የእግር ጣቶቹን ሲዘረጉለት ከጉዳቱ መጠን በላይ የሚያመው ከሆነ ኮምፓርትመንት ሲንድሮምን (ግፊት ጡንቻውን አፍኖ ደም የሚከለክልበትን ሁኔታ) ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ላይ ነኝ። ቁስሉን ለማጽዳት ሳሰፋ በየት በኩል ልክፈት? የፕላስቲክ ሐኪሞቹ «የእኛን መንገድ ዘጋኸው» እያሉ ይቆጡኛል።

መልስ፦ ቁጣቸው ምክንያት አለው። በቅልጥም ውስጠኛ ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ጉብታ በላይ 5፣ 10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከጥልቁ ወጥተው ቆዳውን የሚመግቡ የደም ሥሮች አሉ። በእነሱ ላይ የተቆረጠ መስመር ነገ ሊዞር የሚችለውን ፍላፕ (ቁስሉን የሚሸፍነውን ሕያው ሥጋ) ዛሬ ይገድለዋል። ስለዚህ በፋሺዮቶሚ (የጡንቻ ሽፋንን ከፍቶ ግፊት በሚያስወጣው ቀዶ ሕክምና) መስመር ያስፉ፦ በውስጥ በኩል ከአጥንቱ ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ በውጭ በኩል ከፊተኛው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ። የውጭ ብረቱ ፒኖችም ከስብራቱ፣ ከእነዚህ መስመሮችና ፍላፑ ከሚያልፍበት ይራቁ፤ ዘንጉም ማይክሮስኮፑን አይጋርድ።

በጽዳቱ ጊዜ ከቆዳ ወደ ጥልቅ ይውረዱ። ጡንቻን በቀለሙ፣ በጥንካሬው፣ ሲነኩት በመኮማተሩና ሲቆረጥ በመድማቱ ይፍረዱ። የአጥንቱን ሁለት ጫፎች ወደ ውጭ አውጥተው ውስጣቸውን ይዩ፤ ብዙ የሚቀረው ቆሻሻ እዚያ ነው። በቀላሉ ተስቦ የሚወጣ ስባሪ ሥጋ ስላልያዘው ይወገድ፣ ትልቅም ቢሆን። እዚህ ላይ መራራት ከባድ ስህተት ነው፤ ትቶት የሚመጣ ኢንፌክሽን ከጎደለው አጥንት ይብሳል። የጎደለውን በኋላ መሙላት ይቻላል።

ማጠቡ የሚከተለው የሞተውን ቆርጠው ካስወገዱ በኋላ ነው፦ ለቀላሉ ቁስል 3 ሊትር፣ ለመካከለኛው 6፣ ለከባዱ 9 ሊትር ሳላይን በዝቅተኛ ግፊት። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣውና ከ2,400 በላይ ሕሙማንን ያየው «ፍሎው» የተባለ ጥናት ከፍተኛ ግፊት የተሻለ ውጤት እንደማይሰጥ፣ ሳሙና ያለበት ውኃ ደግሞ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደሚያበዛ አሳይቷል። ከዚያ መሣሪያውን፣ ጓንቱንና ጨርቁን ለውጠው ወደ ማሰሩ ይለፉ።

ጽዳቱ የሚደረግበትን ሰዓት በተመለከተ፣ በከባድ ኃይል ለመጣ ስብራት ከአደጋው በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ለሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። የእርሻ አፈር ወይም ፍሳሽ የገባበት ግን ወዲያው ይጸዳል። ይህ ጊዜ የፕላስቲክ ሐኪሙን ለመጥራት ይበቃል፤ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ሁለታችሁም መስመሩን በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ጥያቄ፦ ፍላፕ ከተሠራ በኋላ በዎርድ ምን እንከታተል?

መልስ፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት በየሰዓቱ ቀለሙን፣ ሙቀቱን፣ ተጭነው ሲለቁት ደም የሚመለስበትን ፍጥነት ይመዝግቡ። ሐመር፣ ቀዝቃዛና ቀስ ብሎ የሚሞላ ከሆነ ደም እየገባ አይደለም። ወይን ጠጅ መስሎ ያበጠና ቶሎ የሚሞላ ከሆነ ደም እየወጣ አይደለም። ፋሻው ጠብቆ እንደሆነ ይፍቱ፤ የደም ግፊቱን ይለኩ፤ በዚያው ደቂቃም ሐኪሙን ይጥሩ። እስኪነጋ ከተጠበቀ ሥጋው ላይድን ይችላል።