ኢሙሌተሩን ተወው፣ ስልክህን በገመድ ሰካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የዛሬ ሁለት ዓመት የነበርኩበት ትዝ አለኝ። ላፕቶፕህ 8 ጊጋ ራም ነው፣ የስልክ አፕ መሥሪያውን ፍላተርን ጭነሃል፣ ኢሙሌተሩን (ላፕቶፕ ውስጥ ስልክ የሚያስመስለውን ፕሮግራም) ስትከፍት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ለአፑ ዳታ የሚሰጠው ሰርቨርህ እዚያው ላፕቶፑ ላይ እየሠራ አፑ ግን "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" (ግንኙነት ተከለከለ) ይልሃል። ራም ልጨምር ወይ ነው ያልከው። አትጨምር! ቢያንስ አሁን አትጨምር።

1. እኔ ጨምሬ አይቼዋለሁ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ላፕቶፑን እንኳ ሳያበራው "ራም ነው" አለኝ፣ ከፈልኩ። ቤት ስገባ ያው ነው። ለካ ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ኢሙሌተሩን እንዲያግዝ የሚያደርገው፣ ተዘግቶ ኖሯል። እሱ ካልተከፈተ 32 ጊጋ ብትሰጠውም ኢሙሌተሩ ያው ይጎተታል። ተመልሼ ስነግረው "እኛ ሶፍትዌር አንነካም" ብሎ ፊቱን አዞረ። መክፈቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

2. ከዚያ በኋላም ኢሙሌተሩን ትቼዋለሁ፣ ስልክ ይሻላል። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንካው፣ ከዚያ ላፕቶፑ አፑን ስልኩ ላይ እንዲጭን የሚፈቅደውን ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብራ። ስልኩ ላፕቶፑ ላይ ካልታየህ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥር። መንገድ ላይ ከሚሸጡት ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ አሉ፣ ዳታ አያሳልፉም። እኔ ድራይቨር ስፈልግ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያለቀብኝ በገመድ ምክንያት ነው።

3. "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ያልከው ደግሞ የራም ጉዳይ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ሆነህ የሰርቨሩን አድራሻ ሎካልሆስት ስትል የምትጠራው ስልኩን ራሱን ነው። ኢሙሌተር ላይ በሎካልሆስት ፋንታ 10.0.2.2 ብለህ ጻፍ፣ ላፕቶፕህን ያገኘዋል። በገመድ ለተሰካ ስልክ ግን ኤዲቢ ሪቨርስ የሚባል ትእዛዝ አለ። የሰርቨርህን ፖርት (የሚሰማበትን የበር ቁጥር) ትሰጠዋለህ፣ 8000 ከሆነ የስልኩ 8000 ወደ ላፕቶፑ 8000 ይሄዳል። ዋይፋይ አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም። ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ግን ደግመህ ማዘዝ አለብህ፣ ይህንን ረስቼ ስንቴ ደህና ኮድ እንዳፈረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

4. ይሄ ላንተ ገና ነው፣ ግን ሳልነግርህ ባልፍ ይቆጨኛል። መርካቶ ጫማ ለሚያከፋፍሉ አንድ ጋሼ ትእዛዝ የሚቀበሉበት አፕ ሠራሁላቸው። ሰርቨሩ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፣ እኔ ስልክ ላይ ወር ሙሉ ሞክሬው እንከን የለውም። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ላኩላቸውና ኮራ ብዬ ሱቃቸው ሄድኩ። ካርቶን ላይ እንደተቀመጡ ከፈቱት። ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። "ልጄ፣ ይሄ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚዞረው?" አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። "ኔትወርክ ነው ጋሼ" አልኩ። ዋይፋይ ቀየርን፣ የልጃቸውን ስልክ ሞከርን፣ ያው። እኔ ስልክ ላይ እዚያው ቆሜ ይሠራል!

ስህተቱን ስክሪኑ ላይ እንዲያወጣ አድርጌ አፑን እንደገና ብልክላቸው "ፌይልድ ሆስት ሉክአፕ" ይላል፣ የሰርቨሩን ስም ፈልጌ አጣሁ ማለቱ ነው። እኔን ገደል የከተተኝም ይሄ ነው። ዶሜይኑን፣ ማለትም የሰርቨሩን ስም፣ የሸጠኝን ሰውዬ ሁለት ቀን ሙሉ ነዘነዝኩት፣ እሱም አንዴ ትሕትና ሳይጎድለው መለሰልኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እውነቱን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍላተር ፕሮጀክት ሲፈጥርልህ አንድሮይድ ማኒፌስት የሚባለውን፣ የአፑ ፈቃዶች የሚጻፉበትን ፋይል ሦስት ቦታ ያስቀምጣል፦ ዲበግ (ስትሠራ የምትሞክርበት)፣ ፕሮፋይል (ፍጥነት የምትለካበት) እና ሜን (ለሁሉም የሚያገለግለው)። የኢንተርኔት ፈቃዱን ግን የጻፈልኝ ዲበግና ፕሮፋይል ውስጥ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሆት ሪሎድ (ኮድ ስትቀይር አፑን ወዲያው የሚያድሰው) የመሳሰሉት ራሳቸው ስለሚፈልጉት። ሜን ውስጥ አንተ ካልጨመርከው ሪሊዙ (ለተጠቃሚ የሚላከው) ኢንተርኔት የመንካት መብት የለውም። እኔ ስልክ ላይ የነበረው ሁልጊዜ ዲበጉ ነው፣ እሳቸው ጋ የሄደው ሪሊዙ። አንዲት መስመር! አሁን ለማንም ከመላኬ በፊት ስልኬን ሰክቼ ፍላተር ረን (አፑን የሚያስነሳው ትእዛዝ) ላይ ሪሊዝ የሚለውን ጨምሬ አስነሳዋለሁ። አንተም ያን ጊዜ ሊስቱ ሲፈጥን ታየዋለህ፣ ዲበግ ላይ አፑ ቢንቀራፈፍ ሁሉንም በላፕቶፕህ አታሳብ።

ግሬድልን፣ የአንድሮይድ አፑን የሚገነባውን መሣሪያ፣ ረስቼ፦ የመጀመሪያው ቢልድ (ግንባታ) በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ያወርዳል፣ የሌሊት ጥቅል ገዝተህ አስጀምረው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ የሚወርደው የግሬድል ዚፕ በግማሽ ተበላሽቶ ይቀርና በማግስቱ የማይገባ ስህተት ይደረድርልሃል። ግሬድል ፎልደር ውስጥ፣ ራፐር በሚለው ስር ያለውን ዲስትስ አጥፍተህ እንደገና ጀምር። ፍላተርን ነቅለህ አትጫን፣ እኔ ሦስቴ ነቅያለሁ፣ በከንቱ። ለአይፎን መሥራቱን ደግሞ ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) እስክታገኝ እርሳው።

ጋሼ ቀሪውን ግማሽ ክፍያ የሰጡኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አፑን ዛሬም ይሠሩበታል፣ ስደውልላቸው ግን እስካሁን "የሚዞረው ልጅ ነህ?" ነው የሚሉኝ።