ዘጠኟ በቻንስ ብትገባም ትቆጠራለች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወርልድ ፑል ማስተርስ ከሚባለው የዘጠኝ ኳስ ፑል ውድድር አንድ የቆየ ጨዋታ በቪዲዮ እያየን ተጨቃጨቅን። አንደኛው ተጫዋች ከአንድ እስከ አምስት ያሉትን ኳሶች በሙሉ ከተተ። ከዚያ መምቻዋ ነጯ ጠርዝ ላይ ተለጠፈችበትና ስድስቷን ሳተ። ሌላው ተነሳ፣ ስድስቷን መታ፣ ስድስቷ ሄዳ ዘጠኟን ገፋች፣ ዘጠኟ ገባች። ጌሙ አለቀ! አምስት ኳስ ያስገባው ሰውዬ ባዶ እጁን ቀረ። ይሄ ፍትሕ ነው? ደግሞስ በግብዣ ብቻ የሚገባበት ውድድር ምኑ ነው ትልቅ የሚባለው? ጓደኞቼ «ሎተሪ ነው» ብለዋል።
ስምንት ኳስ የለመደው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስምንት ኳስ ለምደህ ዘጠኝ ኳስ ስታይ መናደድህ አይገርመኝም። እዚያ የራስህ ኳሶች አሉህ። እዚህ የማንም የሚባል ኳስ የለም። ነጯ መጀመሪያ መንካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትንሹን ቁጥር ነው። ያንን ከነካች በኋላ የገባው ሁሉ ይቆጠራል። ይቺን እዚህ ቀዳዳ አስገባለሁ ብሎ መናገር የለም። ዘጠኟ ከገባች ደግሞ ጌሙ አለቀ፣ በቻንስም ይሁን በስሌት።

ስለዚህ አምስት ኳስ መክተት ነጥብ አይደለም፤ መንገድ መጥረግ ነው። ሰውዬህ የጠረገው ለሌላው ሆነበት።

ግን አንተው ራስህ መልሱን ጽፈኸዋል፦ «ነጯ ጠርዝ ላይ ተለጠፈችበት»። እስቲ ቪዲዮውን መልሰህ አምስቷ ላይ አቁመው። አምስቷ መግባቷን ተወው፤ ነጯን ተከተል። ጠርዝ ላይ ስትለጠፍ ስቲኩ የሚደርሰው አናቷ ላይ ብቻ ነው። ከታች መትቶ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ እጅም እንደልብ አይቀመጥም። ስድስቷን የሳታት በዚያች ቅጽበት ሳይሆን አንድ ምት ቀደም ብሎ፣ ነጯን ትንሽ አብዝቶ ሲገፋት ነው። ሌላው ደግሞ ስድስቷና ዘጠኟ መስመር ይዘው መቆማቸውን አይቶ ነው የተነሳው። እኔ ይሄን ቻንስ አልለውም።

ወደ ግብዣው ልምጣ። ማስተርስ በ1993 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠራቸው) የተጀመረ፣ ማችሩም የሚባል የእንግሊዝ የስፖርት አዘጋጅ ድርጅት የሚያዘጋጀው ውድድር ነው። ጥቂት ሰው ይጠራል፤ አንዴ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ለቴሌቪዥን ይመቻል፣ ተመልካችም አይጠፋበትም። ደጋሹ የጠራውን ጠራ፣ ያልጠራውን ተወ፤ እዚህ ላይ ቅሬታህን እጋራለሁ፣ ሁሌም ውጭ የሚቀር ጎበዝ አለ። ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን በሰፊው ማየት ከፈለግህ ግን የዘጠኝ ኳሱ ዩኤስ ኦፕን አለልህ። ከ1976 ጀምሮ አለ፣ በቅርብ ዓመታት 256 ተጫዋች የገባበት ጊዜ አለ።

«ሎተሪ ነው» ላሉት ጓደኞችህ አንድ ስም ስጣቸው፦ ራልፍ ሱኬ። ጀርመናዊ ነው፣ ካይዘር ይሉታል። ማስተርስን ስድስት ጊዜ በልቷል፤ የመጀመሪያው በ1994፣ የመጨረሻው በ2011። ስድስት ጊዜ የሚወጣለት ሎተሪ ካለ እኔም ልቁረጥ! የሱኬን ጨዋታ ስታይ ሲከት ብቻ አትይ። መክተት ሲያጠራጥረው ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ ይቀመጣል። ባላጋራው ትንሿን ቁጥር መንካት ካቃተው ፋውል ነው፤ ሱኬ ነጯን አንስቶ የፈለገበት ቦታ ያስቀምጣታል። ሦስት ፋውል በተከታታይ የሠራ ደግሞ ጌሙን ያጣል። ይሄ ሁሉ በሰዓት እየተቆጠረ፣ እያንዳንዱ ምት በአብዛኛው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ።

ጓደኞችህን በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ፦ በመክፈቻው ምት ዘጠኟ ስትገባ። ያኔ ዕድል ብትሉ አልከራከርም። አዘጋጆቹም ሳይገባቸው አልቀረም። ድሮ ኳሶቹ ሲደረደሩ ጠረጴዛው ላይ ምልክት የተደረገባት ነጥብ የአንድ ቁጥር ኳስ ቦታ ነበረች። አሁን በማችሩም ውድድሮች ዘጠኟን ነው እዚያ የሚያስቀምጡት። ድርድሩ ወደ ፊት ስለሚጠጋ የዳር ኳሶቹም እንደ ድሮው በቀላሉ ሰተት ብለው አይገቡም።