መልስ፦ በእድሳት መካከል ስለተገኘው የውኃ ፍሳሽ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር የሚገኘውን የቤተሰብዎን አሮጌ ቤት ሲያድሱ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ከሥሩ መራሱን ገልጸው፣ ልስኑ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይቀጥል። አስቀድመው በእርጥቡ ግድግዳ አካባቢ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ያጥፉ፤ ከዚያም የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግተው፣ የሮቶው (የውኃ ማጠራቀሚያው) መሙያም መዘጋቱን አረጋግጠው የውኃ ቆጣሪውን ይከታተሉ፤ ምንም ውኃ ሳይቀዳ የሚዞር ከሆነ ፍሳሹ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ወደ ቤቱ በሚገባው መስመር ላይ ነው። ፍተሻው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰዓት መደረግ አለበት፤ ባዶ መስመር ቢያፈስም ቆጣሪውን አያዞርምና። ከሮቶ የሚወርደው መስመር ግን ቆጣሪው ላይ ስለማይታይ ለብቻው ይፈተሽ። ቧንቧው አሮጌ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ከሆነ ከውስጥ በዝገት ስለሚበላ፣ ቀዳዳውን ብቻ ከመድፈን ግድግዳው ክፍት ሳለ መስመሩን በሙሉ በፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ማስቀየሩን አጥብቄ እመክራለሁ። ሠራተኛው አዲሱን መስመር በግፊት ሳይፈትሽ፣ ግድግዳውም በደንብ ሳይደርቅ ሴራሚክ አያስለጥፉ።