ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ

በውጭ አገር ልጆች ያሳደጋችሁ፣ ከአገር የወጣችሁበትን ምክንያት ግን እስካሁን በወጉ ያልነገራችኋቸው ወገኖቼ ጥቂት አይደላችሁም። ከየት እንደሚጀመር ስለሚጠፋን ዝም ብለን ዓመታት እናሳልፋለን። እንዲህ ያለውን ዝምታ ለመስበር አንድ ፊልም ወይም አንድ ዜማ ከረጅም ንግግር ይልቅ እንደሚረዳ በስደት ኑሮዬ አይቻለሁ።

ከፊልም የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በተከታዩ ዓመት በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ፣ ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘው ይህ ሥራ፣ ጀርመን ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰው አንበርብር በደርግ ዘመን የደረሰበትን፣ እንደገና በሄደበት ጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ማጣቱንና በመጨረሻ እናቱ ወዳለችበት መንደር መግባቱን ያሳያል። ታሪኩ በቅደም ተከተል ስለማይሄድ የሚማረሩበት ተመልካቾች አሉ፤ እኔ ግን የስደተኛ ሐሳብ የሚመላለሰው በእርግጥም እንደዚያ ነው ባይ ነኝ።

ፊልሙ ጭካኔ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። በዚያ ዘመን የታሰራችሁ ወይም ወንድም የተገደለባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት፤ ካልቻላችሁ ተዉት፣ ማንም አያስገድዳችሁም። ከልጆቻችሁ ጋር ካያችሁት በኋላ «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የእናንተ ሕይወት ከአንበርብር ሕይወት የሚለይበትን ንገሯቸው፤ በሱዳን በኩል በእግር የወጣ ሰው ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ያገለገለች እህት የራሷን መንገድ በዚያ ፊልም ውስጥ አታገኝም፤ ልጇ ተለውጦ ሲመጣባት ግራ የገባት እናት ግን የማንኛችንም እናት ልትሆን ትችላለች። ልጆች አብዝተው የሚጠይቁትም ፊልሙ ስላልነገራቸው ነገር ነው።

ትዝታም እንዲሁ ነው። ዜማው የጋራ ሲሆን እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ስንኝ ያስገባበታል፤ ግጥሙ በአብዛኛው የፍቅር ቢሆንም ስደተኛው አገሩንና የሞቱበትን ያስብበታል። ልጆቻችን ግን ትዝታን የሚያውቁት በምግብ ቤት ከወሬ ጀርባ ሲሰማ ነው። አንድ ቀን ጫጫታ በሌለበት አንድ ዘፈን ክፈቱ፤ ሁለት ስንኝ ብቻ መርጣችሁ ፍቺውን አስረዱና ሲዘፈን ማን እንደሚታወሳችሁ በስሙ ጥሩላቸው። ማታ ማታ ብቻን ትዝታ እየሰሙ ማንባትን ግን አልመክርም፣ በተለይ እናቱ በሕይወት ላለችና ስልክ መደወል ላቆመ ሰው።

ልጃችሁ በምላሹ የራሱን ዘፈን ላሰማችሁ ካለ፣ ጩኸቱ ቢከብዳችሁና ቋንቋው ባይገባችሁም እስከ መጨረሻው አዳምጡትና ለምን እንደመረጠው ጠይቁት። በትምህርት ቤት ስለቆዳው ቀለም የሚባለውን፣ በአማርኛ ሊነግራችሁ ያቃተውን፣ በዚያ በኩል ሊያሰማችሁ አስቦ ይሆናል።