የቀለጠው ሥጋ የማን ዕዳ ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ከአማቼ ጋር ሆነን ፍሮዝን የበሬ ሥጋ ወደ ውጭ እንልካለን። ባለፈው 1,100 ካርቶን፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ፣ ሞጆ አካባቢ ካለ ቄራ በአንድ ባለ 40 ጫማ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው) ኮንቴይነር ጭነን በጅቡቲ በኩል ወደ ዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ ላክን። መኪናው ጋላፊ ድንበር ላይ ሁለት ሌሊት ቆሟል። ውላችን ሲኤፍአር (የመርከቡን ኪራይ ሻጩ የሚከፍልበት) ጀበል አሊ ነው። ክፍያው በካድ (ገንዘብ ከፍሎ ሰነድ መረከብ) ስለነበር ገዢው ባንክ ከፍሎ ሰነዱን ወስዷል። ኮንቴይነሩን ሲከፍት ግን «ሥጋው ቀልጦ እንደገና በረዶ ሆኗል፣ 30 በመቶ ከሚቀጥለው ጭነት ቀንሱልኝ» አለ። የላከልን የካርቶኖቹን ፎቶና የአንድ ግራፍ ፎቶ ነው። የመርከቡን ወኪል ብንጠይቅ «ማሽኑ አልቆመም፣ ደግሞም 3 ቀን ስላለፈ ነገሩ አልቋል» አለን። መድን አልገባንም። ገንዘቡን መመለስ አለብን? መርከቡንስ መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ለገዢው «እሺ፣ እናስተካክላለን» የሚል መልእክት በዋትስአፕም ቢሆን አይላኩ። ቀድመው ልከው ከሆነ ቢያንስ ሁለተኛ አይጨምሩ። ደንበኛ እንዳይከፋ ተብሎ የተጻፈች አንዲት መስመር ነገ እንደ እምነት ቃል ትቀርብብዎታለች።

አሁን ወደ ውሉ። ሲኤፍአር፣ ነጋዴው «ሲ ኤንድ ኤፍ» የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቃል ነው። የመርከቡን ኪራይ እስከ ጀበል አሊ የከፈሉት እርስዎ ስለሆኑ ኃላፊነቱም እስከዚያው የእርስዎ ይመስላል። አይደለም። በኢንኮተርምስ 2020 (በዓለም አቀፍ የሽያጭ ውል ቃላት ደንብ) መሠረት ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደርስበት ጉዳት የገዢው ነው። ከዚያ በፊት የደረሰው ግን የእርስዎ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ቀልጧል ወይስ አልቀለጠም?» አይደለም። «መቼ ቀለጠ?» ነው። ከቄራው በር እስከ ጅቡቲ ከሆነ ገዢው እውነት አለው። ባሕር ላይ ከሆነ ደግሞ የሚጠይቀው መርከቡን እንጂ እርስዎን አይደለም። ከፍሎ የወሰደው ቢል ኦፍ ሌዲንግም (የመርከቡ የጭነት ሰነድ) መርከቡን ለመጠየቅ የሚያስችለው ሰነድ ነው። እርስዎ መርከቡን ልክሰስ ቢሉ የመጀመሪያው መከራከሪያቸው «ሰነዱ በእጅህ የለም» የሚል ይሆናል።

ሰዓቱን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች አሉ። አንደኛው ከካርቶኖቹ ጋር የተጫነው የሙቀት መመዝገቢያ ነው። ገዢው የላከው ግራፍ ምናልባት የዚሁ ይሆናል። ፎቶ አይቀበሉ። ሙሉውን ፋይል፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ይጠይቁ። ሁለተኛው ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። የሪፈር ማሽን የአየሩን ሙቀት፣ መብራት የጠፋበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ራሱ እየመዘገበ ይሄዳል። መዝገቡ ያለው በመርከብ ድርጅቱ እጅ ነው። ወኪሉ «ማሽኑ አልቆመም» ካለ መዝገቡን አይቶ ነው ማለት ነው፤ ታዲያ ያውጣው። የኮንቴይነሩን ቁጥር ጠቅሰው ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮንቴይነሩ ሌላ ጭነት ይዞ መዞሩን ስለሚቀጥል ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም።

ግራፉን ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሪፈር ማሽን በየጊዜው በራሱ ላይ የተጋገረውን በረዶ ያሟሟል። ያን ጊዜ የአየሩ ሙቀት ለአጭር ጊዜ ሽቅብ ይላል፤ ሥጋው ግን አይሞቅም። ስለዚህ አንዲት ሾጣጣ ጫፍ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም። የሚያስጨንቀው ከፍ ብሎ የቆየ መስመር ነው። ጋላፊ ላይ መኪናው በቆመባቸው ሌሊቶች እንዲህ ያለ መስመር ከታየ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ መንገድ ላይ ለማሽኑ መብራት የሚሰጠው ጀነሬተር ጠፍቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ የሚያጠፋ ሾፌር አለ።

ሌላው የእርስዎ ደካማ ጎን መነሻው ሊሆን ይችላል። ሪፈር ኮንቴይነር ሥጋን በረዶ አያደርግም፤ በረዶ ሆኖ የገባውን ነው የሚጠብቀው። ማሽኑ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ቢስተካከልም፣ ሥጋው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሆኖ ከተጫነ ማሽኑ አያድነውም። መርከቡም ገዢውም ይህን ያነሳሉ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ «ንጹሕ» መሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳዎትም። ታሽጎ የመጣን ኮንቴይነር መርከበኛው አልከፈተውም፤ የመሰከረው ከውጭ ያየውን ነው። ስለዚህ ሲጫን የሥጋው የውስጥ ሙቀት ስንት እንደነበር የሚያሳይ የቄራውን መዝገብ፣ የእንስሳት ሐኪሙን የጤና ሰርተፊኬትና ኮንቴይነሩ የታሸገበትን የሲል ቁጥር አሁኑኑ ሰብስበው ያስቀምጡ።

ወኪሉ «3 ቀን አልፏል፣ አልቋል» ያለዎት ትክክል አይደለም። የ3 ቀኑ ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ብራስልስ ላይ ከተፈረመው የጭነት ሰነድ ስምምነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕጋችንም የተቀዳው ከዚያው ነው። ከውጭ የማይታይ ጉዳት በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተነገረ ዕቃው በደህና እንደተረከበ ይገመታል። ግምት ነው፤ በማስረጃ ይፈርሳል። መብቱን በእርግጥ የሚያጠፋው የአንድ ዓመት ገደብ ነው፣ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ። ይህን ለገዢውም ይንገሩት። መርከቡን እንዲጠይቅ ማገዝ ለእርስዎም ይጠቅማል። የሰነዱን ጀርባም ያንብቡት፤ ክርክሩ የሚታየው ለንደን ነው የሚል ብዙ ነው።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ ሰነዱ ላይ 1,100 ካርቶን ተብሎ ተጽፏል? ወይስ «1 ኮንቴይነር» ብቻ? በባሕር ሕጋችን የዕቃው ዓይነትና ዋጋ ሰነዱ ላይ ካልተገለጸ የመርከቡ ኃላፊነት በአንድ ጥቅል 500 ብር ነው። አዎ፣ የ1952ቱ 500 ብር። ካርቶን ተቆጥሮ ከሆነ ጣሪያው 550,000 ብር ይሆናል። ኮንቴይነሩ እንደ አንድ ጥቅል ከታየ ግን ያው 500 ብር ነው፤ ከአዳማ ሞጆ ደርሶ ለመመለስና ምሳ ለመብላት እንኳ መብቃቱን እንጃ።

የግራፉ መስመር ከፍ ብሎ የቆየው ሥጋው መኪናው ላይ ሳለ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከገዢው ጋር መደራደር ይሻላል፤ 30 በመቶው ግን ገለልተኛ ሰርቬየር (የጉዳት መርማሪ) አይቶት ይሁን እንጂ በፎቶ አይሁን። እርስዎ ደግሞ ወደ አጓጓዡ ወይም ወደ ትራንዚተሩ ይዞራሉ። ያ በየብስ ዕቃ ስለማጓጓዝ በወጣው አዋጅ ቁጥር 547/1999 የሚታይ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከጥያቄው ጋር የመኪናውን ሰነድም ይያዙ። ጀነሬተሩን የተከራየው ማን ነው የሚለውም ይወስናል።

«ከሚቀጥለው ጭነት ቀንሱ» የሚለው መንገድ በየትኛውም ሁኔታ አይመቸኝም። የሚቀጥለው ጭነት የባንክ ፈቃድ በሙሉ ዋጋ ተመዝግቦ ገንዘቡ ጎድሎ ከመጣ፣ ጉድለቱ የሚቆመው በእርስዎ ስም ነው። ቅናሽ ካለ የተፈረመ ስምምነትና የሰርቬየር ሪፖርት ተይዞ፣ ባንክዎ አስቀድሞ ያውቀው።

ለወደፊቱ ኮንቴይነር እየላኩ በሲኤፍአር አይዋዋሉ። ሲፒቲ በሚባለው፣ ኪራዩን እስከ መድረሻው ሻጩ በሚከፍልበት ሌላ ውል ቢሆን ኃላፊነቱ የሚዞረው ዕቃውን ለመጀመሪያው አጓጓዥ ሲያስረክቡ ነው፤ ርክክቡ ሞጆ ላይ ከሆነ የጋላፊ ሁለት ሌሊት የእርስዎ ራስ ምታት አይሆንም። መድን ሲገቡም ውሉን በደንብ ያንብቡ። ለፍሮዝን ሥጋ ከሚሸጡት ዓይነቶች አንዱ ማሽኑ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ካልቆመ በሙቀት ለመጣ ጉዳት አይከፍልም። 20 ሰዓት ቆሞ የቀለጠ ሥጋ ይዘው ቢሄዱ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።

የመመዝገቢያው ፋይል ሲደርስዎ መኪናው ጋላፊ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ከሾፌሩ ጠይቀው አብረው ይላኩልኝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።