ሳህኑ ባዶ ሆነ ማለት በላች ማለት አይደለም

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የሶሪያ ዝርያ ሃምስተርሽ (አይጥ መሰሏ ትንሽ የቤት እንስሳሽ) ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እየከሳች ነው። ጠንካራ ፍሬ ታነሳና መልሳ ትጥላለች። ጎኗ ላይ ጸጉሯ ሳስቷል። ውሃም አብዝታለች። ሱፍና ቫይታሚን ብጨምርላት ይሻላታል ወይ ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ደግሞ "አርጅታለች፣ ተያት" ብለውሻል።

በዚህ አልስማማም። አርጅታለች፣ እሱ እውነት ነው። የሶሪያ ሃምስተር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው የሚኖረው። ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ እንደ ሽማግሌ ቁጠሪው። ያረጀች ሃምስተር ብዙ ትተኛለች፣ ሩጫ ትቀንሳለች፣ ትንሽ ጡንቻም ታጣለች። በጥቂት ሳምንታት አጥንቷ እስኪዳሰስ ከከሳች ግን ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ምክንያት አለው፣ አንዳንዴም ምክንያቱ በጣም ቀላል ነው። ካሳደግኳቸው መካከል "በቃ አለቀላት" የተባለች አንዷ ችግሯ የፊት ጥርሷ መርዘም ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሐኪም ካስተካከለላት በኋላ ለወራት በደንብ በልታ ኖራለች።

መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ሚዛን ነው። በግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ዕቃ አድርጊና ውስጡ አስቀምጫት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኛትና ጻፊው። አሁን እየከሳች ስለሆነ በየሁለት ቀኑ ብታደርጊው ይሻላል። በዓይን መገመት አይሠራም፣ ጸጉሩ ያታልላል። 140 ግራም የነበረች 126 ከገባች 10 በመቶ አጥታለች ማለት ነው። ለኛ 14 ግራም ምንም አይደለም፣ ለሷ ግን 70 ኪሎ ሰው 7 ኪሎ እንደጣለ ነው። እዚህ ከደረሰች ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ ምግብ እየቀያየሩ መጠበቅ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ሳህኑ ነው። "ሳህኑን ሁሌ ባዶ ነው የማገኘው፣ ስለዚህ ትበላለች" ብለሻል። ሃምስተር ግን ምግቡን በጉንጩ ሞልቶ ይወስድና ይቀብራል። አሮጊቷም ይህን አትተውም። ጥርሷ አልሠራ ብሎም ማከማቸቷን ትቀጥላለች። ቀስ ብለሽ የደበቀችበትን ጥግ ፈልጊ። ፍሬው ሳይፈለቀቅ፣ ፔሌቱ (ተጨምቆ የተዘጋጀው ደረቅ ምግብ) ሳይነከስ ተቆልሎ ካገኘሽ መልሱ እዚያው ነው፤ መብላት ፈልጋ አልቻለችም። ክምችቱን ሙልጭ አድርገሽ እንዳታወጪው ብቻ፣ ያስጨንቃታል። እርጥቡንና የሻገተውን አንሺ፣ ደረቁን ተይላት።

ፍሬ አንስታ መጣሏ ቀጥታ ወደ ጥርስ ነው የሚወስደኝ። የሃምስተር የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ በማኘክም ይሞረዳል። ማኘክ ስትቀንስ ይረዝማል፣ ሲረዝም ደግሞ ጭራሽ ማኘክ ያቅታታል። በምትመገብበት ሰዓት ጠጋ ብለሽ እይ። ፍሬውን በሁለት እጇ ይዛ ታዞራለች፣ አፏ ጋ ታደርሳለች፣ ጥርሷ ይንሸራተትና ትጥለዋለች፣ እንደገና ታነሳዋለች። አገጯም ረጠብ ሊል ይችላል። ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ስታዪ ቢጫ ቀለሙና የታችኞቹ ከላይኞቹ መርዘማቸው አያስደንግጥሽ፣ ተፈጥሮው ነው። ጠምዘዝ ያለ፣ ላንቃ ወይም ከንፈር የሚወጋ፣ ወይም አንዱ ተሰብሮ ሌላው የረዘመ ከሆነ ግን ችግር ነው። በጥፍር መቁረጫ ልቁረጠው እንዳትይ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጉንጯንም በዚያው ዳሰስ አድርጊው። ለረጅም ጊዜ አብጦ የቀረ ጉንጭ ውስጥ ምግብ ተጣብቆ ወይም ቁስል ይዞ ሊሆን ይችላል። የኦቾሎኒ ቅቤ የማልሰጠው ለዚህ ነው፣ ጉንጭ ውስጥ ይለጠፋል።

አሁን ወደ ሱፉ። አትጨምሪ። ሱፍ ስብ እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ይጣፍጣታል፣ ስለዚህ እሱን እየመረጠች ዋናውን ምግብ ትተዋለች። በዚያ ላይ መፈልፈል አለበት፣ ችግሯም እሱው ነው። የሚለወጠው የምግቡ ጥንካሬ ነው። የለመደችውን ፔሌት ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ገንፎ እስኪመስል አላልሺው። የአጃ ገንፎ በውሃ ብቻ፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ጨው፣ ያለ ወተት ይሆናል። የተቀቀለ እንቁላል ወይም ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ በአተር ፍሬ መጠን ጨምሪበት። ፕሮቲኑን ግን አታብዢ። በዚህ ዕድሜ ኩላሊታቸው ደካማ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ማታ ስትነቃ ስጫት፣ ጠዋት የተረፈውን አንሺ። ለስላሳ ምግብ ተቀብሮ ካደረ ይሻግታል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ እንዲሁም ብርቱካንና ሎሚን የመሰለ ፍራፍሬ ሁሉ አይሞከርም። ኪያር በቁራጭ ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ያስቀምጣታል። ቫይታሚኑን ውሃዋ ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ ጣዕሙን ካልወደደችው መጠጣቱን ትቀንሳለች።

የውሃው ነገር ከጥርሱ በላይ አሳስቦኛል። ጤነኛ ሃምስተር በቀን ለ100 ግራም ክብደቷ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ጠርሙሱ ላይ በማርከር አስምሪና በማግስቱ እይው፣ አለመንጠባጠቡንም አረጋግጪ። ከዚህ በእጅጉ ካለፈች ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ሴት ስለሆነች ደግሞ የማህፀን መግል አለ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ሴት ሃምስተር በየ4 ቀኑ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይታይባታል። ጤናማ ዑደቷ ነው። ፈሳሹ ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ሆዷ ከተነፋ ግን ነገ አትበይ። ድንክ ዝርያዎች ያሏችሁ ደግሞ፣ በተለይ ካምቤልና ቻይና ሃምስተር፣ ለስኳር በሽታ ቅርብ ናቸውና ፍራፍሬውን እርሱት።

የጸጉሩ መሳሳት በሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ የማያሳክካት ከሆነ የሆርሞን ነገር እጠረጥራለሁ። ቆዳዋ ከተፈረፈረና ጀርባዋ ላይ ከተራቆተ ዴሞዴክስ የሚባለው ቅንቅን ይሆናል፤ በሽምግልና አቅም ሲደክም የሚነሳ ነው። ዳሌዋ ግራና ቀኝ ያሉት ጠቆር ያሉ ነጥቦች ግን የሽታ ዕጢ ናቸው። ጸጉር ሲሳሳ ጎልተው ይታያሉ እንጂ አዲስ በሽታ አይደሉም። እከክ መስሏቸው ቅባት የሚቀቡ አይቻለሁ። በውሃም አትጠቢያት፣ ንጹሕ አሸዋ በሳህን አድርጊላት፣ ራሷ ትንከባለልበታለች።

ኬጁ ላይ ብዙ ሥራ የለም። ፎቁን አንሺው፣ የውሃውን አፍ ዝቅ አድርጊው፣ መሮጫዋን ግን አትውሰጂባት። ክፍሉ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። በብርድ ደርቃ፣ ቀዝቅዛ፣ የማትተነፍስ መስላ ካገኘሻት ሞታለች ብለሽ አትቸኩይ፤ በእጅሽ ሙቀት ቀስ እያልሽ አሙቂያት።

በቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን በምንም ተአምር። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን የመሳሰሉት በአፍ ሲሰጡ የሃምስተርን የአንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድላሉ፣ ጎጂው ይነግሥና በቀናት ውስጥ በተቅማጥ ትሞታለች። ሐኪሙም ብዙ የሚያክመው ውሻና ድመት ከሆነ፣ መድኃኒት ሲያዝ "ለሃምስተር ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የምትወስጃት ምሽት ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ያኔ ነቅታ ስለምትሆን ሐኪሙ አረማመዷን ያያል። የክብደቱንና የውሃውን ወረቀት ያዢ። የራሷን ንጣፍ ትንሽ መያዣው ውስጥ ጨምሪ፣ ሽታውን ስታውቀው ትረጋጋለች። የውሃ ጠርሙስ መንገድ ላይ ስለሚፈስ በምትኩ አንድ ቁራጭ ኪያር ይበቃል። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች፣ በሆዷ እየሳበች ከተነፈሰች ወይም ጭራዋ ሥር ከረጠበ፣ ቀጠሮውን አትጠብቂ።